የውሃው መርዶ

ሰሞኑን ከሱሉልታ የመጣች ዘመዴ በሰፈራቸው ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ሕዝቡ ተባብረው የውሃ ሥራ ሊጀምሩ መሆኑን አወራችኝ። ሰበታም እንዲሁ ብዙ ወገን ገብቶበት ትምህርት ቤትና መንገድ አንድ ላይ ሊሠራ ነው ትላለች። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ። ልጄ ብዙነህ «እማዬ፣ አንቺ እኮ ሠርግ ቢጠሩሽም ድንኳኑ ይወድቃል እያልሽ ነው የምትሄጂው» ይለኛል። ዋሸ አልለውም። ይህኛው ፍርሃቴ ግን ምክንያት አለው። በቡራዩ የደረሰብን በሌላው እንዳይደርስ ስለምፈራ፣ የራሴንም ጥፋት ሳልደብቅ፣ ጽፌዋለሁ።

ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነው፤ ዳዊትም ደግሜአለሁ። ስለዚህ ለሰፈራችን ሰው ደብዳቤ ሲመጣ የማነበው እኔ ነኝ። ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት፣ በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት መግቢያ ነው። ከዚያ በፊት ውሃ የምንቀዳው ከወንዝ ነበር። የገፈርሳ ውሃ በወፍራም ቧንቧ በአጠገባችን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል፤ እኛ ግን ድምፁን ከመስማት በቀር አንዲት ጣሳ አናገኝም። ማለዳ እንስራ አዝለን ቁልቁል እንወርዳለን፣ ከብቱ ከሚጠጣበት በላይ ያለች ቦታ ፈልገን እንቀዳለን፣ ወገባችንን ይዘን ዳገቱን እንወጣለን። ሴት ልጆች ትምህርት ቤት አርፍደው የሚደርሱት በዚሁ ምክንያት ነበር።

በኋላ ከበላያችን ካለው ተራራ ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ በቧንቧ ለማውረድ ተወሰነ። ሥራው የአምስት ወገን ነበር። ልጄ ጸሐፊ የሆነበት የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሥራውን ይመራል። ከአዲስ አበባ የሚመጡ መሐንዲሶች ምንጩን ይገነባሉ። አንድ የውጭ አገር በጎ አድራጎት ማኅበር ቧንቧና ሲሚንቶ ሰጠ፤ ክሊኒክም ከፈተልን። የአምቦን መንገድ የሚጠግኑት ሠራተኞች ድንጋይና አሸዋ በመኪና ያመላልሳሉ። እኛ የሰፈሩ ሰዎች ደግሞ፣ የእድራችን ዳኛ ኦቦ ሞቱማ እየመሩን፣ ቦይ እንቆፍራለን።

ማንም ሰነፍ አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልመስክር። ሁሉም በየፊናው ለፋ። ጉድለቱ ሁሉም በየራሱ መንገድ የሚናገር መሆኑ ነው። ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ይናገራል። መሐንዲሶቹ በካርታ ይናገራሉ፤ ሲጨርሱም ካርታውን እንደ ሰሌን ጠቅልለው አዲስ አበባ ይዘውት ይመለሳሉ። የማኅበሩ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ይልካሉ። የመንገድ ሠራተኞቹ አለቃ ካፖ ሱሩር በፉጨት ያዛል። እኛ በእድር ጥሩንባ እንጠራራለን። እርስ በርስ ግን የሚነጋገር አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ወንዶቹ ቀኑን ሙሉ የቆፈሩትን ቦይ፣ ሰኞ ዕለት የካፖ ሱሩር ሰዎች መኪናችን ይገባበታል ብለው በድንጋይ ሞሉት። ኦቦ ሞቱማ መጥተው አዩና «እኛ ቆፋሪ፣ እናንተ ቀባሪ፤ የጠፋው ሬሳው ብቻ ነው» አሉ። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ፤ ቦዩም እንደገና ተቆፈረ። አሁን ሳስበው ያን ዕለት ባንስቅ ኖሮ መነጋገር እንጀምር ነበር እላለሁ።

በመስከረም መጀመሪያ ውሃው ወረደ። በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ቦኖ ቆመ። ምረቃው ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን ለዘውዱ በዓል ተቀጠረ፤ ሕዝቡ ግን እስከዚያው እንዲቀዳ ተፈቀደለት። ሴቶች እልል አሉ። እኔ እንስራዬን ግድግዳ አስደግፌ «በቃሽ፣ ዕረፊ» አልኳት።

ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን ብዙነህ ለምሳ መጣና እጁን ሳይታጠብ ተቀመጠ። ሚስቱ አትክልት አራስ ስለነበረች እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማዬ፣ የምነግርሽን ለሰው እንዳታወሪ። የቦኖው ውሃ ተመርምሮ ነበር። ንጹሕ አይደለም ተብሎ ተጽፏል።»

ደብዳቤው ለማን እንደ ተጻፈ ጠየቅሁት። ለጽሕፈት ቤቱ ብቻ ነው አለኝ። አለቃው ኦቦ ሞቱማን ጠርተው አማክረዋቸዋል፤ ኦቦ ሞቱማም ክፉ ወሬ እንደ ሥርዓቱ መነገር አለበት፣ የውሃው መድኃኒት ከአዲስ አበባ ይምጣ፣ በዓሉም በሰላም ይለፍ፣ ከዚያ ሽማግሌዎች ተሰብስበን ለሕዝቡ እናስረዳለን ብለዋል። አለቃውም በዚህ ተስማሙ። ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ገባ።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው ሞቶ ዘመዱ ካልሰማ፣ የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል። ቀን ይቆረጣል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ በማለዳ ተሰብስበው ሄደው ያረዱታል። እስከዚያ ድረስ አብረውት ይበላሉ፣ አብረውት ይስቃሉ። ይህን ልማድ አልነቅፍም። ባሌ ከአገር ርቆ በሞተ ጊዜ ለእኔም እንዲሁ ነው የተነገረኝ፤ ደጋፊ ሳላጣ አለቀስኩ። ስለዚህ የኦቦ ሞቱማ ቃል ልክ መሰለኝ። እኔ ማን ነኝና ቀድሜ አፌን እከፍታለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ዝም አልኩ እንጂ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቤቴ ውሃ ማፍላት ያዝኩ። ለአራሷ ለብቻ፣ ለቤተ ሰቡ ለብቻ አፈላለሁ፤ አቀዘቅዝና በንጹሕ ጨርቅ እሸፍናለሁ። የብዙነህን የመጀመሪያ ልጅ ሙሉዬን፣ ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ከቤት ውጪ ውሃ እንዳትጠጣ አስጠነቀቅኋት። ለምን ብትለኝ የውጭ ውሃ ጉንፋን ያስይዛል አልኳት። እውነቱን ብነግራት ለጓደኞቿ ታወራለች ብዬ ነው። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ጎረቤታችን ገለቴ ናት። ግቢያችንንና ግቢዋን የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። ባሏ ጃራ ገበሬ ነው፤ ልጇ አያንቱ ከሙሉዬ ጋር በአንድ ክፍል ትማራለች። ገለቴ ዘወትር ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «አካም ቡልተኒ፣ እትዬ» ብላ እንዴት አደሩ ሳትለኝ ሥራ አትጀምርም። አንድ ማለዳ ጢሱን አይታ ቆመች።

«እትዬ ያለምወርቅ፣ እሳትዎ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም። ምን እያፈሉ ነው? ውሃውም እንደ በሬ ሥጋ እስኪበስል ይጠበቃል እንዴ?»

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሆዴን ስለሚያመኝ የፈላ ነው የምጠጣው አልኳት። ያን ጊዜ እውነቱ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። በማግስቱ ለሆድዎ ይሁንዎት ብላ የተቆላ ተልባ በአያንቱ እጅ ላከችልኝ። ወቀጥኩት፣ በፈላው ውሃ በጥብጬ ጠጣሁት። እሷና ልጇ ከቦኖው እየቀዱ ይጠጡ ነበር።

በጥቅምት በሁለተኛው ሳምንት ሙሉዬ ራሴን አመመኝ አለች። ምች ነው ብዬ ዳማከሴ አሸሁላት። በሦስተኛው ቀን ሰውነቷ እንደ ጋለ ምድጃ ሆነ፤ ቀና ማለት አቃታት። ብዙነህ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዷል። ገለቴን ለመጥራት ወደ አጥሩ ስሄድ እሷም ወደ እኔ ስትሮጥ ተገናኘን። አያንቱም ከትናንት ጀምሮ እንዲሁ ሆናለች።

ጃራ በቅሎውን ጫነና አያንቱን አቅፎ ተቀመጠ። ሙሉዬን ገለቴ አዘለቻት። እኔ መሸከም አልቻልኩም፤ የሙሉዬን ነጠላ ጫፍ ይዤ ከኋላቸው እየተደናቀፍኩ ተከተልኩ።

በክሊኒኩ የሚሠራው ተሾመ ድሬሰር ነው፤ ሰፈሩ ግን ዶክተር ይለዋል። ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን አስተኝቶ ሆዳቸውን ዳሰሰ፣ ምላሳቸውን አየ።

«የአንጀት ተስቦ ይመስለኛል» አለ። «በዚህ ሳምንት እንዲህ ያለ ሕመም ሲመጣብኝ እነዚህ ዘጠነኛና ዐሥረኛ ናቸው። ውሃ ከየት ነው የምትጠጡት?»

«ከቦኖ ነዋ» አለች ገለቴ። «ከወንዙ ከተገላገልን ወር አለፈን።»

ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ እማማ?»

«እኔ አፍልቼ ነው።»

«ደግ አድርገዋል። ማን መከረዎት?»

የሙሉዬን ነጠላ ማስተካከል ያዝኩ። ያን ጊዜ ሙሉዬ በትኩሳት መሐል ዐይኗን ገልጣ እጄን ፈለገች።

«አያቴ፣ አትቆጪኝ» አለችኝ። «እነ አያንቱ ቤት ውሃ ጠጥቼ ነው ጉንፋን የያዘኝ። በየቀኑ ነው የጠጣሁት።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ለተሾመ ነገርኩት፤ ደብዳቤውን፣ ምክሩን፣ መሳቢያውን። ተሾመ መጀመሪያ የቀባጠርኩ መሰለው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«እኔ መድኃኒት የማሟሟው በዚያው ውሃ ነው» አለ በቀስታ። «ትናንት ለመጡት በሽተኞች ሁሉ ውሃ በብዛት ጠጡ ብዬ ሰድጃቸዋለሁ። ቧንቧውን የሰጠው የእኛው ማኅበር ነው፤ ለእኛ ግን አንድ ቃል የነገረን የለም።»

ገለቴ የአያንቱን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች ነበር። እጇን ሳታነሣ ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ ያን ተልባ በምን በጥብጠው ጠጡት?»

«በፈላው ውሃ» አልኳት።

ጨርቁን ጨመቀችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መርዶ ነው፣ በወጉ ይነገር ተብሎ ነው ብዬ ጀመርኩ፤ አላስጨረሰችኝም።

«መርዶ የሚቆየው ለሞተ ሰው ነው፣ እትዬ። የሞተውን አይጎዳውም። እዚህ ማን ሞቶ ነበር? እነዚህ ልጆች እኮ በሕይወት አሉ።»

ጨርቁን እንደገና አርጥባ ይህን ጊዜ የሙሉዬን ግንባር ጠረገች። ይህን እስክሞት አልረሳውም።

ተሾመ ጊዜ አላጠፋም። ጃራን በበቅሎው ወደ ጽሕፈት ቤቱና ወደ መንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር ላከው፤ የእድሩን ጥሩንባ አስነፋ። በእኩለ ቀን ሰዉ ሁሉ ማን ሞተ እያለ ወደ ቦኖው መጣ። ተሾመ ቦኖው ላይ ቆሞ ማንም አልሞተም፣ እንዳይሞትም ነው የጠራናችሁ አለና ነገሩን በግልጽ ተናገረ። ቦኖው በሰንሰለት ተቆለፈ። ያን ዕለት ቧንቧውን ሊያይ የመጣው መሐንዲስ ቆሻሻው ከየት እንደ ገባ በተጠየቀ ጊዜ ካርታውን አውጥቶ መሬት ላይ ዘረጋው። ካፖ ሱሩር ካርታውን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ተንበርክኮ ጣቱን አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ላይ አሳረፈ።

«ይህች ምንድን ናት?»

«ምንጩ ናት» አለ መሐንዲሱ።

የካፖ ሱሩር ጣት ትንሽ ወደ ላይ ከፍ አለና ቆመ። «እኔ የሠራተኞቼን መጸዳጃ ያስቆፈርኩት እዚህ ነው» አለ። ላቡ በአፍንጫው ይወርድ ነበር። «በክረምቱ ጎርፍ ሞልቶ ነበር። ምንጭ ከሥሩ እንዳለ ማንም አልነገረኝም።»

«አንተስ መች ጠየቅህ?» አለው መሐንዲሱ።

«መኖሩን የማላውቀውን ነገር እንዴት ብዬ ልጠይቅ?»

አንድ ካርታ፣ አንድ ጣት፣ አንድ ደቂቃ። ይህችን ደቂቃ በሰኔ አግኝተናት ቢሆን ኖሮ ዐሥራ አንድ ቤት በሽተኛ ባልተኛበት ነበር።

ከዚያ ኦቦ ሞቱማ በምርኩዛቸው ተነሡ። መጀመሪያ በኦሮምኛ ተናገሩ፤ «ዲፈማ» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ይቅርታ ማለት ነው። ከዚያ በአማርኛ ደገሙት። «ክፉ ወሬ ማዘግየት እናንተን ማክበር መስሎኝ ነበር» አሉ። «አሁን ግን ክብሩን ለራሴ ነው የጠበቅሁት ብዬ እፈራለሁ፤ በበዓሉ ቀን ፊቴ እንዳይጠቁር። ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ሥራ ክፉ ወሬ የሚያሳድር ሰው ቢኖር በእድሩ ሥርዓት ይከሰስ። መጀመሪያ የምትከሱትም እኔን ይሁን።»

ሰዉ አጉረመረመ፤ አንዳንዱ ተቆጣ፤ ልጁ የታመመበት አንድ አባት ፊቱን አዞረባቸው። ይህም ይገባቸው ነበር፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉት። እኔም የሰዉን ዐይን እየፈራሁ ከሴቶቹ መሐል ተነሣሁ። አውቄ ለቤቴ ብቻ ማፍላቴን፣ ለጎረቤቴ መዋሸቴን ተናገርኩ። ድምፄ ዝቅ ያለ ስለነበር ከፊተኞቹ በቀር የሰማኝ አይመስለኝም፤ ገለቴ ግን ሰምታኛለች።

ያን ዕለት አንድ ነገር ተወሰነ። በየቅዳሜው ከገበያ በፊት ከአምስቱ ወገን አንዳንድ ሰው በቦኖው አጠገብ እንዲገናኝ፤ ምን እንደ ሠራ፣ ምን ሊሠራ እንዳሰበ፣ ምን እንደ ተበላሸበት እንዲናገር፤ የተበላሸው መጀመሪያ እንዲነገር። ካርታውም በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዲቀር። የተባለው ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዲጻፍና በአማርኛም በኦሮምኛም እንዲነበብ። አማርኛውን እንዳነብ እኔን መረጡኝ። ከበደልኩ በኋላ እንዲህ ያለ አደራ የሚሰጠኝ አልመሰለኝም ነበር። ኦሮምኛውን የምትናገረው ገለቴ እንድትሆን ተሾመ ሐሳብ አቀረበ። እሷም ዐይኔን ሳታይ እሺ አለች።

ካፖ ሱሩር በዚያው ዕለት ጉድጓዱን አስደፍኖ መጸዳጃውን ከምንጩ በታች አርቆ ሠራ። የማኅበሩ ሰዎች ችግሩን ቀጥታ ከተሾመ አፍ ስለሰሙ መድኃኒቱን በማግስቱ በራሳቸው መኪና አመጡት። ጽሕፈት ቤቱ ይህን መድኃኒት በደብዳቤ ሲጠይቅ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር።

ልጆቹ ሃያ አንድ ቀን ክሊኒክ ተኙ። እኔና ገለቴ በአንድ ሰሌን ላይ ተቀምጠን አስታመምናቸው። እኔ ደክሞኝ ሳንቀላፋ እሷ ሁለቱንም ትጠብቃለች፤ የፈላውን ውሃ ለአያንቱ ካጠጣች በዚያው ኩባያ ለሙሉዬም ታጠጣለች። ነገሩን ግን አላነሣችውም፤ ቀልዷም ቀረ። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልተኒ» የሚለውን ድምፅ እጠብቃለሁ፤ አይመጣም። ያ ጸጥታ ከሙሉዬ ትኩሳት ጋር ተደምሮ አጥንቴን በላው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም ዳኑ። ከዐሥራ አንዱ ቤት አንድም ነፍስ አልጠፋም። ተሾመ በእነዚያ ቀናት ቤቱ ሄዶ የተኛ አይመስለኝም፤ ስሙን በጸሎቴ ሳላነሣ ውዬ አላውቅም። ጃራንና በቅሎውንም አመሰግናለሁ። ጥፋቱን በሰው ሁሉ ፊት ያመነውን ካፖ ሱሩርን አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሹም ያላደረገውን አድርጓል። ያን ታላቅነታቸውን ዝቅ አድርገው ይቅርታ የጠየቁትን ኦቦ ሞቱማንም አመሰግናለሁ።

ምንጩ ታጥቦ፣ መድኃኒት ገብቶበት፣ ውሃው እንደገና ተመረመረ። በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ደብዳቤው መጣ። ይህን ጊዜ መሳቢያ አላየም፤ ብዙነህ ፖስታውን እንደ ታሸገ ወደ ቦኖው አምጥቶ በሰዉ ሁሉ ፊት ከፈተው። እኔ አነበብኩት፦ ውሃው ንጹሕ ነው። ገለቴ በኦሮምኛ ተናገረችው። ሰንሰለቱ ተፈታ።

ሰዉ ግን አልተንቀሳቀሰም። ማን ቀድሞ እንደሚጠጣ ይተያያል። ገለቴ ኩባያዋን አውጥታ ቀዳች፤ ግማሹን ጠጣችና ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። ተቀብዬ ጠጣሁት። እንደዚያ ያለ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም።

የሱሉልታና የሰበታ ሰዎች፣ ሥራችሁ ያማረ ይሁን። ብዙ እጅ ሲገባበት ሥራ ይቀላል፤ ይህን አይተናል። ነገር ግን እጆቹ እርስ በርስ ካልተነጋገሩ አንዱ የቆፈረውን ሌላው ይደፍናል፣ አንዱ ያጠራውን ሌላው ያቆሽሻል። መጀመሪያ ቧንቧና ሲሚንቶ ከመጠየቃችሁ በፊት የምትገናኙበትን ቦታና ቀን ቁረጡ። ካርታችሁን ድንጋይ የሚያመላልሰውም ሰው ይየው። ክፉ ወሬ ሲመጣ ሽማግሌ አትጠብቁ፣ በዓል አትጠብቁ። የየቤታችሁን ውሃ ለብቻችሁ አታፍሉ፤ ልጆቻችሁ ከጎረቤት ቤት ይጠጣሉና።

እኛ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። እኔም አሁንም እፈራለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ክረምት ሲበረታ ያለ ምክንያት ውሃ አፈላለሁ። ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ከተፈታ በኋላ በመጣው ሰኞ ማለዳ ይህንኑ ሳደርግ፣ ከቁልቋሉ አጥር በላይ ለሁለት ወር ያላየሁት አንገት ብቅ አለ።

«አካም ቡልተኒ፣ እትዬ» አለችኝ ገለቴ። «ዛሬስ ምን እያፈሉ ነው?»

እኔም ምን እንደማፈላና ለምን እንደማፈላ፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት።